በአዲስ አበባ ዳርቻ በጀማሪ የአይቲ ደመወዝ መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ በሶፍትዌር፣ በኔትወርክ ወይም በዳታ ሥራ ለጀመራችሁ፣ ኑሯችሁንም ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞና በመሳሰሉት ሰፈሮች ለምታደርጉ የተዘጋጀ ነው። የግብሩና የሕጉ ቁጥሮች እንዳሉ የሚወሰዱ ናቸው። የታክሲና የመሳሰሉት ዋጋዎች ግን ለስሌት ማሳያ ስለሆኑ የራሳችሁን ሰፈር ዋጋ ተክታችሁ አስሉ።

ደመወዝህ 15,000 ብር ነው ተባልኩ። እጄ ላይ ስንት ይገባል?

10,750 ብር። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የተሻሻለ የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ካለው ላይ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20፣ እስከ 10,000 ድረስ 25፣ እስከ 14,000 ድረስ 30፣ ከ14,000 ከሚያልፈው ላይ ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጣል። በአጭሩ ለማስላት፣ ደመወዛችሁ ከ14,000 በላይ ከሆነ በ0.35 አባዝታችሁ 2,050 ቀንሱ፤ በ10,000 እና በ14,000 መካከል ከሆነ በ0.30 አባዝታችሁ 1,350 ቀንሱ። የሚመጣው ቁጥር ግብሩ ነው። ለ15,000 ብር 3,200 ይሆናል። በላዩ የጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 1,050 ብር ይቀነሳል። አሠሪው ለጡረታ የሚከፍለው 11 በመቶ ከራሱ ኪስ ነው፤ ከእናንተ ተቀንሶ ካያችሁ ስህተት ስለሆነ ጠይቁ።

በዚሁ ስሌት 10,000 የተባለው 7,650፣ 12,000 የተባለው 8,910፣ 20,000 የተባለው 13,650 ብር ሆኖ ይደርሳል።

ለድርድር የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ከ14,000 በላይ የሚጨመርላችሁ እያንዳንዱ 1,000 ብር ኪስ ሲደርስ 580 ብር ነው። ስለዚህ 2,000 ብር ጭማሪ ማለት 1,160 ብር ማለት ነው። ጠዋትና ማታ የሚያመላልስ የሠራተኛ ሰርቪስ ያለው መሥሪያ ቤት ለኮዬ ወይም ለአራብሳ ነዋሪ ከዚያ ጭማሪ ይበልጣል። ሰርቪስ ከሌለ የትራንስፖርት አበል ለብቻው ተለይቶ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ እስከተወሰነ ገደብ ድረስ ግብር አይቆረጥበትም።

«12,000 በእጅህ እንሰጥሃለን» ብለውኛል። ይሻላል?

ውሉ ላይ የተጻፈውን እዩ። በእጅ 12,000 ብር እንዲገባ ያልተጣራው ደመወዝ ወደ 17,155 ብር መሆን አለበት። ቅጥር ውሉ ላይ 17,155 ከተጻፈ ጥሩ ነው። 6,000 ተጽፎ ቀሪው «በሌላ መንገድ» የሚሰጥ ከሆነ ግን ተጎጂዎቹ እናንተ ናችሁ፤ ጡረታችሁ፣ የዓመት ፈቃድ ክፍያችሁ፣ ስትለቁ የሚታሰብላችሁ፣ ባንክ ለብድር የሚያየውም ሆነ ቀጣዩ አሠሪ የሚጠይቃችሁ የተጻፈውን ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «ስድስት ወር ሙከራ ነው» የሚል ውል ከመጣላችሁ ሳትፈርሙ አስተካክሉት።

የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪመጣ ስንት ብር መያዝ አለብኝ?

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ በጥንቃቄ አስሉት። ብዙ የግል ድርጅቶች የደመወዝ ዝርዝሩን ወሩ ሳያልቅ ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ የገባ ሠራተኛ የሠራበት ቀን ወደሚቀጥለው ወር ይዞርበታል። ስለዚህ ለአንድ ወር ብቻ ሳይሆን ለስድስት ሳምንት ያህል የትራንስፖርትና የምግብ ገንዘብ ያዙ። በቅጥር ቀን «የደመወዝ ዝርዝሩ የሚዘጋው በስንተኛው ቀን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንም አይከፋበትም።

ደመወዙ እንዳይዘገይ ሦስት ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ፦ የፋይዳ ቁጥር፣ አሠሪው በሚጠቀምበት ባንክ ሒሳብ መክፈትና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት። የመለያ ቁጥሩ ላይ ያለው ስም ከፋይዳውና ከዲግሪው ጋር በፊደል ሳይቀር መመሳሰሉን አረጋግጡ። «ኃይለ» እና «ሃይለ» እንግሊዝኛው ላይ የተለያየ ሆኖ ስለተጻፈ ብቻ ወር የሚጉላሉ አሉ።

ሌላው ወጥመድ የቀን አቆጣጠር ነው። የግል ድርጅት ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ ነው። ኪራይ ግን በእኛ ወር ነው። ጥቅምት 1 ቤት የገባ ሰው ኪራዩ የሚደርሰው በየወሩ በፈረንጆቹ ከ7 እስከ 12 ባለው ጊዜ ነው። ደመወዙ ከገባ በኋላ የኪራዩ ብር አሥር ቀን ያህል እጃችሁ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው፤ በእነዚያ አሥር ቀናት ነው የሚሸራረፈው። ደመወዝ በገባበት ሰዓት ኪራዩን ወደ ሌላ ሒሳብ አዙሩት። ከአከራይ ጋር ከተስማማችሁ ደግሞ ወዲያውኑ ክፈሉ።

ወጪ መጋራትስ (የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ዕዳ)?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆናችሁ ከወር ገቢያችሁ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። በ15,000 ብር ደመወዝ 1,500 ብር ስለሆነ በእጅ የሚገባው 10,750 ወደ 9,250 ይወርዳል። አሠሪያችሁ አልጠየቀም ብላችሁ ዝም አትበሉ። ዕዳው አይጠፋም፤ ዋናውን ዲግሪ ማውጣት ሲያስፈልጋችሁ ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ) ትጠየቃላችሁ። አሠሪው ከቆረጠባችሁ ደግሞ ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝ ቅጂ በየጊዜው ተቀበሉ። ሥራ ስትቀይሩ የተከፈለውን የምታስረዱት በዚያ ወረቀት ነው።

ዳር ላይ ርካሽ ቤት ይሻላል ወይስ ለሥራ ቅርብ የሆነ ውድ ክፍል?

ኪራይና ትራንስፖርት አንድ ወጪ ናቸው፤ ለየብቻ ካያችኋቸው ትሳሳታላችሁ። ከኮዬ ፈጬ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ሰው በሦስት ታክሲ ይደርሳል እንበል፤ አንዱ በአማካይ 20 ብር ቢሆን ደርሶ መልስ 120 ብር ነው። በ22 የሥራ ቀን 2,640 ብር። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ካለ 26 ቀን ስለሚሆን 3,120 ብር። ከሥራ ቦታችሁ አጠገብ ያለው ክፍል ከዳሩ ቤት በዚህ መጠን ብቻ የሚወደድ ከሆነ ቅርቡን ውሰዱ፤ በቀን ሦስት ሰዓት እንቅልፍና ጥናት አብሮ ይገኛልና። ልዩነቱ ከዚያ በእጥፍ ከበለጠ ዳሩ ያዋጣል።

ስሌቱን የሚያበላሸው የማታው ጉዞ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ በተለይ ዝናብ ሲጥል፣ ታክሲ መስመሩን እያቆራረጠ ይጭናል። በአንድ የምትደርሱበት ሁለት፣ በሁለት የምትደርሱበት ሦስት ይሆናል። ሰልፉ ሲረዝም ተስፋ ቆርጦ ራይድ ወይም ፈረስ የተባሉትን በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች መጥራት ይመጣል፤ አንድ እንዲህ ያለ ማታ የሳምንቱን ታክሲ ይበላል። ስለዚህ ካሰላችሁት የትራንስፖርት ወጪ ላይ አንድ አራተኛ ጨምራችሁ ያዙ። አለቃችሁን 1፡30 ገብቶ 10፡30 መውጣት ይቻል እንደሆነ መጠየቅም አያሳፍርም፤ የሶፍትዌር መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹ በዚህ ረገድ ለዘብ ይላሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት ከተፈቀደ ደግሞ የትራንስፖርቱ 40 በመቶ ቀረ ማለት ነው።

ሥራችሁ ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ከሆነ አራብሳና ሰሚት አካባቢ መኖር ያዋጣል። መስቀል አደባባይ ወይም ስታዲየም አካባቢ ከሆነ የባቡሩን መስመር ተከተሉ፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ይደርሳል። ባቡሩ ከታክሲ ይረክሳል። ጠዋት ግን ስለሚጨናነቅ ከመነሻው ጣቢያ መሳፈር የሚችል ሰው ነው የሚጠቀመው።

ቤቱን ከመከራየታችሁ በፊት በሥራ ቀን ጠዋት 12፡30 ላይ ከዚያ ሰፈር ተነስታችሁ እስከ ሥራ ቦታ አንድ ጊዜ ሂዱ። እሁድ ከሰዓት ደላላ ሲያሳያችሁ ያያችሁት መንገድ ሰኞ ጠዋት ሌላ መንገድ ነው።

ኮንዶሚኒየም ሳይ ምኑን ልፈትሽ?

መጀመሪያ ውኃውን። ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ግፊቱ ሲያንስ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ አይወጣም። አከራዩን «ውኃ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አለ» ይላችኋል። ጎረቤት ያለች እናት ወይም የግቢውን ጥበቃ «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በስንት ሰዓት? እዚህ ፎቅ ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አስሉ። አንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰያ፣ ለመታጠብና ለሽንት ቤት በቁጠባ በቀን 40 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ሁለት ባለ 20 ጀሪካን ነው። ሦስት ደባሎች ከሆናችሁና ውኃ በአራት ቀን አንዴ ከመጣ 480 ሊትር ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል፤ 24 ጀሪካን ማለት ነው። ስለዚህ ባለ 500 ሊትር ሮቶ ወይም ሦስት ትልልቅ በርሜል ያለው ቤት ጥቂት መቶ ብር ቢወደድም ይሻላል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የሚረክሰው በምክንያት ነው። ጀሪካን ተሸካሚ በየደረጃው ያስከፍላል። ራሳችሁ ብትሸከሙት ደግሞ ከሥራ ደክማችሁ ስትመጡ ነው።

ቀጥሎ ቆጣሪውን እዩ። ለብቻ ነው ወይስ የጋራ? የመብራት ታሪፍ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምር ነው። ከአከራይ ጋር በአንድ ቆጣሪ ላይ ከሆናችሁ እናንተ ላፕቶፕና አምፖል ብቻ እየተጠቀማችሁ በምጣድ ምክንያት በከፍተኛው እርከን ትከፍላላችሁ። የእንጀራ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባልና የጋራ ከሆነ «ምጣድ የሚጠቀም ማን ነው?» የሚለው አስቀድሞ ይወሰን።

ከዚያ የበሩን ቁልፍ (ሲሊንደሩን መቀየር ትችሉ እንደሆነ)፣ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ፣ የጣሪያና የግድግዳ እርጥበት፣ ወለሉ ሊሾ ብቻ መሆኑን ተመልከቱ። ስልካችሁን አውጥታችሁ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ የኔትወርኩን ፍጥነት ለኩ፤ በረንዳ ላይ ብቻ የሚሠራ ኔትወርክ ከቤት ለሚሠራ ሰው አይሆንም። ኮንዶሚኒየሙ ገና ካልተጨረሰና አከራዩ «አንተ አሠራውና ከኪራይ ይታሰብልሃል» ካለ ስንት ብር፣ በስንት ወር ውስጥ እንደሚታሰብ ውሉ ላይ ይጻፍ።

የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልክ አላከራይም አለኝ። መብቴ ምንድን ነው?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ውሉ በጽሑፍ መሆንና በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። በዚህ መሐል ኪራይ መጨመር የሚቻለው ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው።

በተግባር ግን ሁለት ውል የሚያቀርብ አከራይ ያጋጥማችኋል፤ አንዱ ለወረዳው፣ አንዱ እውነተኛው። የሚጠብቃችሁ የተመዘገበው ብቻ መሆኑን እወቁ። በጥሬ ገንዘብ የከፈላችሁትም አልተከፈለም ሊባል ስለሚችል በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩና በምክንያቱ ቦታ «የጥቅምት ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ። የደላላውን ክፍያ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተስማሙ። ያኔ ያልተነገረ ዋጋ ዕቃ ጭናችሁ ከመጣችሁ በኋላ ያድጋል።

ደባል መሆን ያዋጣል?

አዎ፣ በጣም። ባለ ሁለት መኝታን ለሦስት ወይም ለአራት መከራየት ከስቱዲዮ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይረክሳል፤ ኢንተርኔትም ይከፋፈላል። የሚያጣላው ኪራይ ሳይሆን ጥቃቅኑ ነው፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ የውኃ ተራ፣ እንግዳ። ሁሉም በወሩ መጀመሪያ እኩል ብር አዋጥቶ ለአንድ ሰው ይስጥ፤ ያ ሰው በየወሩ ይቀያየር። ውሉ ላይ የሁላችሁም ስም ይግባ። በአንድ ሰው ስም ብቻ ከሆነ እሱ ሲለቅ ሌሎቻችሁም ትለቃላችሁ።

ምግብ ላይ እንዴት ልቆጥብ?

ምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። በቦሌና በካዛንቺስ የአንድ ቀን ምሳ ዋጋ ቤት ውስጥ የሁለት ቀን ሽሮና ምስር ይሠራል። አንድ ኪሎ ሽሮ ዱቄት ለአንድ ሰው 15 ጊዜ ያህል፣ አንድ ኪሎ ምስር ክክ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ጊዜ ይበቃል። ለሁለት ሳምንት አንድ ኪሎ ሽሮ፣ አንድ ኪሎ ክክ፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ሩዝና ፓስታ ከያዛችሁ ዋናው አልቋል።

እንጀራ ለብቻው ለሚኖር ሰው መጋገር ላያዋጣው ይችላል። ከአንድ ኪሎ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋት አምስት ወይም ስድስት እንጀራ ይወጣል። የጤፉን፣ የወፍጮውንና የመብራቱን ዋጋ ደምራችሁ ለስድስት አካፍሉና ከሰፈራችሁ ጋጋሪ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ለሦስት ደባሎች ግን ብዙውን ጊዜ ያዋጣል። ገዝታችሁ ስትመጡ ትኩሱን እንጀራ በፌስታል ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ፤ ላቡ እንደያዘ በሁለት ቀን ይሻግታል። ቀዝቅዞ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ ክረምት ላይ ደግሞ የሦስት ቀኑን ብቻ ግዙ።

አትክልት ከእሁድ ገበያ፣ ዘይትና ስኳር ሲገኝ ከሸማቾች ማኅበር ይግዙ። ሸማቾች መታወቂያ ስለሚጠይቅ የነዋሪነት መታወቂያችሁን ወደ ሰፈሩ ማዛወር ይጠቅማል። ከቤት የሚመጣ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ደግሞ «አታስቸግሩ» ብላችሁ የምትመልሱት ነገር አይደለም። ለእናንተ የሳምንታት ወጪ ነው፤ ለእናትም ደስታዋ ነው።

ላፕቶፕ ልግዛ?

መሥሪያ ቤቱ ከሰጣችሁ ለመጀመሪያው ዓመት አትግዙ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ነው የሚሄደው። የግድ ከሆነ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይሻላል፤ ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ። ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች አትውረዱ፤ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በ2018 ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አብቅቷል። ራም 16 ጊጋ ይሁን፤ 8 ከሆነ ደግሞ ከቦርዱ ጋር የተበየደ አለመሆኑን አረጋግጡ፤ የተበየደ ራም አይጨመርም።

መገናኛ ሰፈር ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት አስወጡ። «ፉል ቻርጅ» የሚለው «ዲዛይን» ከሚለው 60 በመቶ በታች ከሆነ ባትሪው በቅርቡ ስለሚቀየር ዋጋውን ከላፕቶፑ አስቀንሱ። አጥፍታችሁ አብሩና ባዮስ ውስጥ ግቡ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ተዉት።

መብራት ሲጠፋ የሚያስቸግረው ከላፕቶፑ ይልቅ ራውተሩ ነው። ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን አንብቡ፤ 12 ቮልት ከሆነ 12 ቮልት የሚሰጥ ሚኒ ዩፒኤስ ለጥቂት ሰዓት ያቆየዋል። 9 ቮልት ለሚለው ራውተር 12 ከሰካችሁ ሊቃጠል ይችላል። የዶከር ኢሜጅና ትልልቅ ዝማኔዎችን ቢሮ አውርዱ፤ የሞባይል ዳታን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው።

ዕቁብ ልግባ ወይስ ባንክ ላስቀምጥ?

ሙከራ ጊዜያችሁ ሳያልቅ ዕቁብ አትግቡ። ሥራው ቢቋረጥ ዕቁብ አይቆምላችሁም፤ ዋስ የሆነላችሁን ሰው ታስጨንቃላችሁ። ካለፈ በኋላ ግን ጥሩ ነው፤ በተለይ እንደ ፍራሽ፣ ማቀዝቀዣ ወይም ላፕቶፕ ያለ አንድ ትልቅ ነገር ለመግዛት። አሥር ሰው በወር 1,500 ብር ቢጥል እጣው 15,000 ነው። በመጀመሪያ የወጣለት ያለ ወለድ ተበደረ፤ በመጨረሻ የወጣለት ያለ ወለድ አስቀመጠ፤ ዋጋ በሚጨምርበት ጊዜ የኋለኛው ይጎዳል። ዳኛው እጣ ለወሰደ ሰው ዋስ የሚያስፈርም መሆኑን አይታችሁ ግቡ። የሚፈርሰው ዋስ የማይጠየቅበት ዕቁብ ነው።

ለድንገተኛ የሚሆነው ግን ከዕቁብ ውጭ፣ በፈለጋችሁበት ቀን በሚወጣ ሒሳብ ይቀመጥ። ግቡ አንድ ወር ኪራይና የአንድ ወር ትራንስፖርት ይሁን። በስልክ የሚገኙ ፈጣን ብድሮችን ለታክሲና ለምሳ አትጠቀሙባቸው፤ 1,000 ብር ወስዶ በወሩ 1,050 መመለስ ቀላል ይመስላል፤ በየወሩ ሲደጋገም ግን በዓመት 60 በመቶ ነው።

ለቤተሰብ ምን ያህል ልላክ?

ያስተማረ ቤተሰብ ይጠብቃል፤ መጠበቁም ተገቢ ነው። በየወሩ የሚላክ ትንሽ ቋሚ መጠን ከትልቅ ግን ከሚቆራረጥ ይሻላል፤ እነሱም ያቅዱበታል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ግን ቤት፣ ፍራሽና ቅድሚያ ክፍያ እንደሚበሏቸው ለእናት ወይም ለአባት አስቀድማችሁ በግልጽ ንገሩ፤ «15,000 ያገኛል» የሚለው ወሬ አገር ቤት ሲደርስ ግብሩና ኪራዩ አብሮት አይደርስም። የደመወዝ ወረቀታችሁን አሳዩአቸው። የበዓል ወጪን ደግሞ ለይታችሁ ያዙ። እንቁጣጣሽና መስቀል በአንድ ወር ውስጥ ስለሚመጡ ከሰኔ ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ብር ካላስቀመጣችሁ መስከረም ላይ ኪራይ ይጎድላል።

ደመወዝ ጭማሪ መቼ ልጠይቅ?

ሙከራ ጊዜው እንዳለቀ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በዓመቱ። ለመጠየቅ ከመግባታችሁ በፊት የሠራችሁትን በወረቀት ያዙ፤ የትኛው ክፍል በእጃችሁ እንደተሠራ፣ የትኛው ስህተት እንደተስተካከለ፣ ማን እንደሚጠቀምበት። ሌላ መሥሪያ ቤት ከጠራችሁ ያልተጣራውን ሳይሆን በእጅ የሚገባውን፣ ከአዲሱ ቦታ ትራንስፖርት ጋር ቀንሳችሁ አወዳድሩ። ከአራብሳ ጎሮ ስትሠሩ ቆይታችሁ በ2,000 ብር ጭማሪ ሳር ቤት ብትሄዱ 1,160 ብሩ ታክሲው ላይ ያልቃል። ስትለቁ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የግብር ክሊራንስና የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ውጡ። የጡረታው አገልግሎት ዘመን ከአዲሱ አሠሪ ጋር የሚቀጥለው በዚያው ቁጥር ነው።